ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል አሉን፤ ግን ኦፕራሲዮን አላደረጉትም። እንዲህም አለ እንዴ?

የለጋምቦዋ (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ አለይኩምም፣ ጤና ይስጥልኝም ብያለሁ፤ እንደየቤታችሁ ተቀበሉኝ።

ወንድሜ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። 26 ዓመቱ ነው። ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ፣ ከአቀስታ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር የሚኖር ገበሬ ነው። የበልጉን ገብስ እያጨደ ሳለ ሆዱን ያዘው። መጀመሪያ እምብርቱ ዙሪያ ነበር፣ ቁርጠት ቢጤ። በማግስቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። አስታወከው። እንጀራ ሲያይ አንገፈገፈው።

እሱ ደግሞ ገብሱ ሳይነሳ ዝናብ ይመታዋል ብሎ ሕመሙን ዋጥ አደረጋት። እናቴ ፌጦ በጥብጣ ሰጠችው። ሲብስበት ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ታይፎይድ ነው ተባለና ኪኒን ይዞ ተመለሰ። (የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፣ ይለፋቸው።) ሳምንት ሊሞላው ሲል ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው ነው ለኔ የተደወለልኝ። ሱቄን ዘግቼ ደሴ ወጥቼ ጠበቅኋቸው።

አልትራሳውንድ ተነሳ። ሐኪሙ «ትርፍ አንጀት ነው፤ ፈንድቷል፤ ግን ማስ ሠርቷል» አለን። እኔ ዛሬ ማታ ይገባል ብዬ ደም የሚሰጥ ሰው እስከ መፈለግ ደርሼ ነበር። ሐኪሙ ግን «አሁን አንከፍተውም» አለ። በቃ። ግሉኮስ ተሰቀለለት፤ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል በደም ስሩ ይወስዳል። ሲሻለው ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል ነው የሚሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የገባ ቀን ሐኪሙ ቀኝ ሆዱ ላይ ያለውን እብጠት በእጁ ዳሰሰና ዙሪያውን በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመረበት። ጠዋት ጠዋት ለራውንድ ሲመጡ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ይጫናል፤ እብጠቱ ከመስመሩ አልፏል ወይስ ወደ ውስጥ ሸሽቷል ብሎ ያያል። ወንድሜም ለምዶት ሐኪሙ ሳይጠይቀው ሸሚዙን ይገልጣል። እናቴ ግን «የልጄን ሆድ ደብተር አደረጉት፤ ከሚጽፉበት አይቀድዱትም?» ብላ ተቆጣች።

ቤተሰቡ ተጣልቷል። አጎቴ ወደ ግል እንውሰደው ይላል። እናቴ አገር ቤት ደውላ ዱበርቶቹን ዱዓ አስይዛለች። እኔ መሐል ላይ ነኝ። የፈነዳ ነገር ሆድ ውስጥ ይዞ ሁለት ወር መቀመጥ አለ ወይ? ከሆነስ መቼ ነው የሚወጣው? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ወላሂ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የፒያሳ ልጅ

አብሽሪ እህት፣ ግን ዝም ብለሽ አትቀመጪ።

እኔም ፈንድቶብኝ ያውቃል። ማታ ገባሁ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከፈቱኝ። ሆዴ በሙሉ ደርቆ አንሶላ ሲነካኝ እጮህ ነበር። መሐል ለመሐል ነው የቀደዱኝ፤ ጠባሳው ከእምብርቴ በላይ ይጀምራል። ውስጡን አጥበው ቱቦ ተክለው ዘጉት። ቁስሉም መግል ይዞ አሰቃየኝ። ሐኪሙ በኋላ «እስኪነጋ ቢቆይ ኖሮ» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ አልጨረሰውም።

ስለዚህ እኔ የማውቀው፣ ከፈነዳ ቢላ ነው። ሁለት ወር የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። አጎትሽ ልክ ናቸው፤ ሌላ ቦታ አሳዩት።

ባለጋውኑ (ሰሜን ወሎ)

እህቴ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ወንድምሽን አላየሁትም፤ በሱ ጉዳይ የሚወስነው በእጁ የዳሰሰው ሐኪም ነው። እኔ የምጽፈው ነገሩ እንዲገባችሁና አጎትሽ ከአልጋው ላይ ነቅለው እንዳይወስዱት ነው።

የፒያሳው ልጅ የነገረን እውነት ነው። ግን የሱና የወንድምሽ ሕመም በስም እንጂ በሁኔታ አንድ አይደለም።

ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ አንዳንዱ ሰው ላይ መግሉ ሆድ ዕቃው ውስጥ ይበተናል። ሆድ በሙሉ ያማል፣ ይደርቃል። ልብ ይሮጣል፤ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ይሄ ቀጠሮ የለውም። ፈሳሽና አንቲባዮቲክ በደም ስር ሰጥተን፣ ሽንት መውጣት መጀመሩን አይተን፣ በሰዓታት ውስጥ እንገባለን። እዚህ ላይም «ምን ትጠብቃላችሁ፣ አሁኑኑ አስገቡት» እያለ በር የሚደበድብ ቤተሰብ አለ። ፈሳሹ የሚሰጠው ለይምሰል አይደለም። ሰውነቱ የደረቀ ሰው ማደንዘዣ ሲወስድ ግፊቱ ጠረጴዛው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያቺ ሰዓት የኦፕራሲዮኑ አካል ናት።

ሌላው ሰው ላይ ግን ሰውነት ራሱ ያጥረዋል። በግ ሲታረድ የምታዩትን ሞራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰውም አለው። ትርፍ አንጀቱ ሲቆጣ ሞራው መጥቶ ይጠቀለልበታል፤ አጠገቡ ያለው አንጀትም ይለጠፍበታል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚታየው ሕመሙ ከጀመረ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። (ሞራ ገላጭ ሽማግሌዎቻችን ይህንን ቢያዩ ምን ይተረጉሙበት ነበር እያልኩ አስባለሁ።) ሐኪሙ «ማስ» ያለሽ ይሄ ነው። መሐሉ ላይ መግል ተጠራቅሞ ከሆነ አብሰስ ይባላል።

ታዲያ ለምን አይከፈትም? ውስጡ ሁሉ ያበጠና የተጣበቀ ነው፤ ሲነኩት ይደማል። የቱ ትርፍ አንጀት፣ የቱ ደህና አንጀት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። መስፋቱም እርጥብ ወረቀት እንደ መስፋት ነው፤ ክሩ እየቀደደው ይወጣል። የጣት ያህል ነገር ላወጣ ብለው ገብተው የትልቁን አንጀት ጫፍ ጭምር ቆርጠው የሚወጡበት ጊዜ አለ። ሳይከፍቱ ማብረድ አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ ድህነት ያመጣውም አይደለም። ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ዘዴ ነው፤ በቺካጎው ኦሽነርና በለንደኑ ሼረን፣ በሁለት ቀዶ ሐኪሞች ስም ይጠራል። የእስክሪብቶው መስመርም ከዚሁ ጋር የመጣ ነው። እኔም አሰምራለሁ።

ሙሉውን ለመናገር፣ እንዲህ ያለውንም ወዲያው የሚያወጡ አሉ። በካሜራ፣ ማለትም በላፓሮስኮፒ፣ በደንብ የሠለጠነ እጅ ካለ ያስኬዳል። የዓለም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም ሁለቱንም መንገድ ይቀበላል፤ የሚወስነው ያለው ሙያና መሣሪያ ነው። በትልቅ ቀዳዳ ለመክፈት ግን እኔ እጄ አይፈጥንም።

መግሉ ትልቅ ከሆነ፣ በግምት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይቀዳል ወይም ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ይህን ጠይቂያቸው፤ «ውስጡ መግል አለው? ስንት ሴንቲ ነው?» በያቸው።

የፒያሳ ልጅ

እሺ ዶክተር፣ የኔ ያልታጠረ ነበር ማለት ነው። ይሁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያልፈነዳውንስ ለምንድን ነው የሚያዘገዩት? የጓደኛዬን ወንድም ማታ አስገብተው ጠዋት ነው የሠሩት። ሌሊቱን ቢፈነዳስ?

ባለጋውኑ (ሰሜን ወሎ)

ዶክተር አትበለኝ፤ ማስተርስ ነው የኛ።

ላልፈነዳው ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ አንቲባዮቲክ እየወሰደ ከሆነ ሌሊቱ ብዙ አይጎዳውም። ፊንላንድና ኖርዌይ ውስጥ ወደ 1800 ሰው ላይ ተሞክሯል፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል። በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲሠሩ ከተመደቡት ከመቶ ስምንቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሠሩ ከተመደቡት ከመቶ ዘጠኙ ፈንድቶ ተገኘ። ያው ነው ማለት ይቻላል። እንቅልፍ ካጣ ባለሙያ ጠዋት የነቃው ይሻላል።

ይህ ግን የሚቆጠረው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። እቤት ፌጦ እየጠጡ የሚያልፈው ቀን እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

የፒያሳ ልጅ

ፊንላንድን ተወኝ ወንድሜ! ፊንላንድ አምቡላንስ ደውለህ ይመጣልሃል። ልጁ እኮ ለጋምቦ ነው ያለው። ክረምት ላይ ድንገት ቢነሳበት በቃሬዛ ተሸክመው ነው አስፋልት የሚያደርሱት። «ሂድና ከሁለት ወር በኋላ ና» ማለት ለደሴ ከተማ ሰው ነው የሚሠራው።

ባለጋውኑ (ሰሜን ወሎ)

ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ልመለስበት።

አሁን ያለው ትልቁ ክርክር «ማሱ ከበረደ በኋላ ትርፍ አንጀቱ የግድ ይውጣ ወይ?» የሚለው ነው። ድሮ ሁሉንም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠርተን እናወጣ ነበር። ቅድም ያልኳችሁ የዓለም ማኅበሩ መመሪያ አሁን ዕድሜው ከ40 በታች ለሆነና ምንም ምልክት ለሌለው ሰው የግድ አይደለም ይላል። ምክንያቱም ካወጣንላቸው አብዛኞቹ ባናወጣውም ዳግም አይነሳባቸውም ነበር። የሚነሳባቸው ከመቶ ከ12 እስከ 24 ይሆናሉ። ትርፍ አንጀቱ ውስጥ ጠጠር ካለ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ችግሩ፣ ይህ ምክር የተጻፈው «ሕመሙ ቢነሳ ሰውዬው በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል ይደርሳል» ተብሎ ነው። ለጋምቦ ሰማይ ሲቀደድ ያለውን መንገድ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ስለዚህ የኔ አስተያየት፣ የኔ ብቻ ነው፣ ሩቅ ለሚኖር ወጣት ገበሬ ማሱ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ መንገዱ ደህና በሆነበት ወቅት ቀጠሮ ይዞ ማስወጣቱ ይሻላል። ያን ጊዜ ውስጡ ረግቷል፣ ቀዳዳውም ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቶሎ ቤቱ ይገባል። አምስት ደቂቃ ሄዶ ሆስፒታል ለሚደርስ የደሴ ልጅ ግን «እንጠብቀው» ብል ቅር አይለኝም። ሐኪሙን ጠይቂው፤ መኖሪያው የት እንደሆነ ደግሞ አፍ አውጥታችሁ ንገሩት። ካርዱ ላይ «ደቡብ ወሎ» ብቻ ከተጻፈ ለደሴ ቅርብ የሆነው ኩታበርም ሩቁ ለጋምቦም አንድ ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን ቤት ሲገባ ትኩሳት ከተመለሰ፣ እብጠቱ ከጨመረ፣ ማስታወክ ከጀመረ፣ ሆዱ ከተነፋና ጋዝ ማሳለፍ ካቆመ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይምጣ። ሆዱን ማሸት የለም። ኮሶም፣ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም የለም። ማስታገሻ ምርመራ ያበላሻል የሚባለው ያለፈበት አባባል ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ቢሰጡት አትከልክሉ።

እመ ሐይቅ

ሰላም። ጉዳዩ ስለተመሳሰለብኝ ነው የገባሁት። የኔ እናት 54 ዓመቷ ነው። የዛሬ ወር ገደማ ልክ እንደዚሁ ማስ ተባለች፣ በመርፌ ተሻላት። አሁን ወገቧን ታጥቃ ትሠራለች። ለቀጠሮ እንሂድ ስላት «የዳንኩትን ሰው ምን ልታስደርጊኝ ነው? ማርያም ምራኛለች» ትለኛለች። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ልተወው አሰብኩ። ከ40 በታች ያልከው ግን አሳሰበኝ። ለሷስ?

ባለጋውኑ (ሰሜን ወሎ)

እናትሽን ውሰጃቸው። ለሳቸው ምክሬ የተለየ ነው።

ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ማስ የነበረው ሰው ላይ ከጀርባው ዕጢ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ትርፍ አንጀቱ ራሱ ላይ ወይም አጠገቡ ባለው ትልቁ አንጀት ላይ። ፊንላንዶች እንዲህ ዓይነት 60 ሰዎችን ወስደው፣ ገሚሱን በኋላ ኦፕራሲዮን ሊያደርጉ፣ ገሚሱን በኤም አር አይ ሊከታተሉ ጀመሩ። ጥናቱን ሳይጨርሱ አቆሙት፤ ዕጢ የተገኘባቸው ሰዎች በዝተው ነው። ከ60ው 12 ነበሩ፤ ሁሉም ከ40 በላይ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በየቦታው እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም። ግን ለማየት በቂ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ (የትልቁን አንጀት ውስጥ በካሜራ ማየት) እና ሲቲ ስካን ያስፈልጋቸዋል። የት እንደሚሠራ ያከማቸው ሐኪም ሪፈር ይጽፍላችኋል። አብዛኛው ሰው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ምርመራውን ከማርያም ጋር አታጣሉት፤ «ምራሻለች፣ አሁን ደግሞ እንይ» በያቸው። የኔም እናት እንዲህ ስትባል ነው የምትነሳው።

እመ ሐይቅ

እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ይዣት ወጣለሁ።

ወረኢሉ 07

ሕክምናውን ባለሙያው ነግሯችኋል። እኔ የማውቀው የወረቀቱን ነገር ነው፤ ወረዳ ጤና መድን ላይ ሠርቻለሁ።

የለጋምቦዋ፣ ወንድምሽ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆነ አሁን የገባው በድንገተኛ ነው። ለቀጠሮው ሲመለስ ግን ድንገተኛ አይባልም። ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ሪፈር ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። አቀስታ ሳይሄድ በቀጥታ ደሴ ቢመጣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ «ወረቀትህስ?» ሲሉት ነው ከኪሱ የሚከፍለው። ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን «የቀጠሮውን ወረቀት ማኅተም አድርጉልን፤ ሪፈሩን ከየት እናምጣ?» ብለሽ ጠይቂው።

መታወቂያውንም እዪው፤ ያልታደሰ ከሆነ አሁኑኑ ይታደስ። ኦፕራሲዮኑ ቀን ላይ «መዋጮው አልተከፈለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ሆስፒታሉ ፋርማሲ ያጣችሁትን መድኃኒት ከውጭ ከገዛችሁ ደረሰኙ አይጣል።

የለጋምቦዋ (ኮምቦልቻ)

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም። አጎቴን አሳመንኩት፤ የባለጋውኑን ጽሑፍ አንብቤለት ሞራው ጋ ስደርስ «እሱስ እውነት ነው፣ አይቻለሁ» ብሎ ዝም አለ።

ትናንት ሐኪሙን «መግል አለው?» አልኩት። ትንሽ አለ፣ ከ2 ሴንቲ አይበልጥም፣ አይቀዳም፣ በሚወስደው አንቲባዮቲክ ይጠፋል አለኝ። ትኩሳቱ ወርዷል። እብጠቱም ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። እንጀራ በሽሮ ጠይቆ በላ። የምንኖርበትንም ነገርኩት፤ «ለጋምቦ ነው? እንግዲያማ እናወጣዋለን» ብሎ ካርዱ ላይ ጻፈ። ቀጠሮው መስከረም ላይ ወደቀ።

አሁን ችግሩ ወንድሜ ነው። ተሻለኝ ብሎ ገብሱን ልውቃ ይላል። መስከረም ላይ ደግሞ የመኸሩ አረም አለ፣ ቀጠሮው ይራዘም እያለ ነው። መሥራት ይችላል? ቢራዘምስ?

ባለጋውኑ (ሰሜን ወሎ)

አልተቀደደም፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ቁስል የለም። መርፌው አልቆ፣ የሚዋጠውንም ጨርሶ፣ ትኩሳት ከሌለውና ከበላ አቅሙ እንደፈቀደ ይሥራ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን ቀስ ይበል፤ ውቂያውን ለጎረቤት ይስጥ፣ ወንፈል አይጠፋም።

ኦፕራሲዮኑ ከተሠራ በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው። በቢላ ከሆነ ለአንድ ወር ያህል ጆንያ መሸከም፣ ሞፈር መጫን የለም። ስለዚህ ከአረም ጋር አይጋጭ የሚለው ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ጥቂት ሳምንት ቢገፋ ምንም አይሆንም፤ ስድስት ሳምንት ማለት ትንሹ ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቢሠራም ይሆናል። መንገዱም ያን ጊዜ ይደርቃል። ኅዳር አጨዳ ከገባ ግን «አጨዳው ይለፍ» እያለ እስከ በልግ ያደርስባችኋል።

ቀኑን ከማለፉ በፊት አስቀይሩ። ካለፈ በኋላ የመጣ ሰው ወረፋውን ከመጨረሻ ነው የሚይዘው።

ወረኢሉ 07

ቀጠሮው ሲቀየር የሪፈሩ ቀንም አብሮ ይታይ። ያ ወረቀትም ጊዜው ያልፋል።